ያልተበደሩትን የሚከፍሉ ልጆች

በስሜን ተራሮች ከጨነቅ ተነሥቶ፣ የቧሂትን በር አልፎ ወደ አምቢኮ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ጉልበቱን ይከፍላል። ቁልቁለቱ መሸሃ ወንዝ ድረስ ነው፤ ወንዙን ሲሻገሩ ደግሞ አቀበቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። አምቢኮ ራስ ደጀንን፣ ያንን 4,533 ሜትር ተራራ፣ ሊወጣ ያሰበ መንገደኛ የሚያድርባት የገብስ አገር ናት። የደረስን ዕለት አብሮኝ የነበረው ስካውት፣ የታጠቀው አጃቢዬ፣ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና አጠገቡ ለቆመ ልጅ አቀበለው፤ እሱ በሁለት እጁ ጠላውን ያዘ። ልጁ ቢበዛ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ማንገቻውን በትከሻው ሲያጠልቅ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት ሲያዘነብል ላየው የመጀመሪያው እንዳልሆነ ያስታውቃል።

«አያ፣ ጥይት አለው?»

«ምን አገባህ? አርፈህ ያዝ።»

ልጁ አርፎ ያዘ። ጠላው እስኪያልቅ ድረስ እንደ ባለሥልጣን ደረቱን ነፍቶ ቆመ፤ ከዚያ መልሶ አስረከበና ወደ በጎቹ ሮጠ።

እዚህ ላይ ማንም ጥፋት አልሠራም፤ ልጁንም ወታደር የሚለው የለም። ግን ሥዕሉ ያረጀ ነው። የድሮ ጦር ሲዘምት ሚስት፣ ልጅ፣ እንጀራ ጋጋሪና ከብት ነጂ ሁሉ አብሮ ይነቀል ነበር። የጌታውን ጋሻና ጠመንጃ ተሸክሞ ከኋላ የሚከተለው ጋሻ ጃግሬ ብዙ ጊዜ ጺም ያላበቀለ ልጅ ነበር። ጌታው ሲወድቅ ጠመንጃውን ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ ልጅነቱን የሚጠይቀው የለም። አንድ ልጅ «ተዋጊ» የሚሆነው የትኛው ላይ ነው? መሣሪያውን ሲሸከም ነው ወይስ ሲተኩስ?

ዓለም አቀፉ ሕግ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው በዝግታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ሕፃን ማለት ከ18 ዓመት በታች ያለ ነው ካለ በኋላ፣ ወደ ውጊያ ሲመጣ ግን መስመሩን 15 ላይ አሰመረው። በዓመቱ አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ቆራጥ ነበር፦ 18 ያልሞላው አይመልመል፣ አይዋጋ። እ.ኤ.አ. በ2000 የመጣው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ መንግሥትን እና ሌላውን ታጣቂ ለየ። መንግሥት 18 ያልሞላውን በግዳጅ መመልመልም ወደ ውጊያ ማስገባትም አይችልም፤ መንግሥት ያልሆነ ታጣቂ ቡድን ግን ልጁ በፈቃዱ ቢመጣም ሊቀበለው አይገባም። ኢትዮጵያ ይህን ፕሮቶኮል ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ለአምቢኮው ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የፓሪስ መርሆዎች የሚባለው ሰነድ ነው። በእሱ አነጋገር ከጦር ጋር የተያያዘ ልጅ ማለት የተኮሰው ብቻ አይደለም፤ ወጥ የሠራችው፣ ስንቅ የተሸከመው፣ መልእክት ያደረሰው፣ ለተዋጊ «ሚስት» እንድትሆን የተወሰደችውም ናት። ጋሻ ጃግሬው እዚህ ውስጥ አለ።

ሕጉ የሚቆጥረው ዕድሜን ነው፤ እንዲህም መሆን አለበት፣ ዳኛ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ጥሩ ተረት ጸሐፊዎች ግን ሌላ ነገር ሲቆጥሩ አይቻለሁ። እነሱ የሚቆጥሩት ዕዳ ነው። በጦርነት ውስጥ ያለ ልጅ ማለት እሱ ያልተበደረውን ዕዳ እንዲከፍል የተጠራ ሰው ማለት ነው። ይህን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ በኋላ «ጦቢያ» በሚለው ታወቀ። አንድ የጦር አዝማች ተሸንፎ ይማረካል፣ በባርነትም ይሸጣል። አንድ ደግ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነፃ ያወጣዋል። ይህኔ ዕዳው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፦ ወንዱ ልጅ ዋህድ ውለታውን ለመመለስ ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣና በመንገድ ላይ እሱ ራሱ ተይዞ ይሸጣል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትነሣለች። ከዚያ በኋላ ያለው የተረት ዓለም ነው፤ በወንድ ልብሷ የተታለለች ልዕልት፣ የሚያፈቅር ንጉሥ፣ በመጨረሻ ድርብ ሠርግ። የተለያዩት ይገናኛሉ። ዕዳው ተከፍሎ ትርፍ ይቀራል።

በእኛ ዘመን ወጣቶች ጓዳ የገባው «ዘ ሀንገር ጌምስ» (ሱዛን ኮሊንስ፣ 2008 እ.ኤ.አ.) የተሠራው በዚሁ ብልኃት ነው። አያቶች ያመፁበት አመፅ ከሸፈ፤ ከሰባ ዓመት በኋላም አሥራ ሁለቱ አውራጃዎች በየዓመቱ ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ለሞት ይልካሉ። ዕጣ ነው። ነገር ግን የድሃ ልጅ ተጨማሪ እህልና ዘይት ለቤተሰቡ ከፈለገ ስሙን ደጋግሞ ያስመዘግባል፤ ስለዚህ ዕጣው የሚወጣው በድሃው ላይ ነው። አሜሪካዊ አንባቢ ይህን እንደ ፈጠራ ያነበዋል። የደርግን ዘመን ያየ ሰው ግን ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፣ ፈገግታው የደስታ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ዕድሜው ከ18 እስከ 30፣ ሥልጠናው ስድስት ወር፣ አገልግሎቱ ሁለት ዓመት ተብሎ ተጽፎ ነበር። ወረቀቱ ወደ ቀበሌና ወደ ገበሬ ማኅበር ሲወርድ ግን ኮታ ሆነ፤ ኮታ ካልሞላ አፈሳ መጣ። ገበያ የወጣ ልጅ እንደወጣ ቀረ። የልደት ወረቀት በሌለበት አገር 18 መሙላቱን የሚወስነው የአፋሹ ዓይን ነው፣ ዓይኑም ቁመት እንጂ ዕድሜ አያይም።

ከደባርቅ ወደ ጎንደር ሲሄዱ ዳባት ላይ የዚህ ታሪክ ሌላ ቅጠል ይገኛል። ዓለምዋጭ የሚባለው የስደተኞች መጠለያ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከተጠለሉበት መካከል ብዙዎቹ ቀድሞ በትግራይ ማይ አይኒና አዲ ሐሩሽ የነበሩ ኤርትራውያን ናቸው። በአገራቸው ብሔራዊ አገልግሎቱ በ1995 እ.ኤ.አ. አዋጅ 18 ወር ነበር፤ ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ ግን መጨረሻው ጠፋ፣ ከ2003 ጀምሮም የ12ኛ ክፍል ትምህርት ወደ ሳዋ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ተዛወረ። ልጅ ሲሸሽ ወላጅ በገንዘብ ሲቀጣና ሲታሰር ቆይቷል፤ እዚህ ላይ ዕዳው ተገልብጦ ከልጅ ወደ አባት ወጣ። ከአንዱ ጦር የሸሹት ልጆች በተጠለሉበት ቦታ ሌላ ጦርነት፣ የትግራዩ፣ ደረሰባቸውና ሊማሊሞን ሽቅብ ወጥተው እዚህ ሰፈሩ። በዚያው 2013፣ ከነሐሴ 25 እስከ 29፣ ጦርነቱ እዚሁ ዳባት ወረዳ ጭና ደረሰ። የሂዩማን ራይትስ ዎች ሪፖርት የትግራይ ተዋጊዎች በእነዚያ ቀናት 26 ሲቪሎችን መረሸናቸውን መዝግቧል፤ የአካባቢው ባለሥልጣናት የተናገሩት የሟቾች ቁጥር ከዚህ በብዙ ይበልጥ ነበር።

ተረትና ታሪክ እስከዚህ ድረስ አብረው ይሄዳሉ። የሚለያዩት የተከፈለው ይመለሳል ወይስ አይመለስም በሚለው ላይ ነው። በሲ. ኤስ. ሉዊስ የናርኒያ መጽሐፍ (1950 እ.ኤ.አ.) አራት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ከለንደን የአየር ድብደባ ሸሽተው ገጠር ይላካሉ። ይህኛው ክፍል እውነት ነው፤ በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ እንግሊዛዊ፣ አብዛኛው ልጅ፣ ከከተማ ወጥቷል። ከዚያ በቁም ሣጥን በኩል ሌላ ዓለም ይገባሉ፣ ሰይፍ ይታጠቃሉ፣ ይዋጋሉ፣ ነግሠውም ያድጋሉ። በቁም ሣጥኑ ሲመለሱ ግን ልጅነታቸው እንዳለ ይጠብቃቸዋል፤ አንዲት ደቂቃ እንኳ አላለፈችም። አንበሳውም ጠንቋይዋም ከዚህ አይበልጡም፤ ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ተአምር የዓመታቱ ተመላሽነት ነው። ሰሜን ጎንደር ላይ በወረርሽኝና በጦርነት ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ እንዲህ ያለ ቁም ሣጥን የለውም።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ስሜን ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህ አገር ከማንኛውም ልብ ወለድ የሚበልጥ የዕዳ ታሪክ አለው።

የስሜንና የትግሬ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ጃናሞራ ውስጥ ደረስጌ ማርያምን አሠሩ፤ ሊነግሡባት ነበር ይባላል። የካቲት 1847 ዓ.ም. እዚያው ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ድል አደረጋቸው፤ በሁለተኛው ቀን፣ የካቲት 5፣ በውቤ ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ «ቴዎድሮስ» ተብሎ ነገሠ። ካሣ ራሱ የጦርነት ልጅ ነው። በልጅነቱ የተማረበትን ገዳም አንድ የተሸነፈ መስፍን እንደወረረው፣ አባቶቻቸውን ለመበቀል ሲል ተማሪዎቹን እንዳረዳቸውና እንደሰለባቸው፣ ካሣም ከጥቂቶቹ ጋር እንዳመለጠ ይተረካል። ውቤ ታሰሩ። ንጉሡ የእስረኛውን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ በ1853 ዓ.ም. ዓለማየሁ ተወለደ። አያቱ በአባቱ እስር ቤት፣ አባቱ በዙፋኑ ላይ፣ ልጁ በሁለቱ መካከል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የንጉሡ ምሽግ መቅደላ በእንግሊዞች እጅ ወደቀች፣ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሠዉ። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። እንግሊዞቹ እናቱን ጨምረው ይዘውት ወረዱ፤ ምክንያታቸው የአባቱ ጠላቶች እንዳይገድሉት የሚል ነው። ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ግንቦት ውስጥ ሞቱና ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ከዚያ በኋላ ልጁን በአደራ የያዘው አማርኛ የሚናገረው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነው፤ ቀድሞ ቴዎድሮስን ያገለገለና ከሳቸው «ባሻ ፈለቀ» የሚል ስም የተቀበለ፣ ቁመቱ ሰው የሚያስደነግጥ ቀይ ጺማም። በዚያው ክረምት ዋይት ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ሁለቱን በሐበሻ ልብስ አስቀምጣ አነሣቻቸው። ግዙፉ ሰውዬ ለፎቶው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ልጁ ግን ፊቱ ላይ የልጅ ፊት የለም።

ንግሥት ቪክቶሪያ ወደዱት፤ ይህ እውነት ነው። ግን ፍቅር የባለቤትነትን ጥያቄ አይመልስም። መንግሥት ልጁ እንደ እንግሊዛዊ ጨዋ ልጅ መማር አለበት ብሎ ከስፒዲ ለየው፦ ቼልተንሃም፣ ከዚያ ረግቢ፣ ከዚያ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። የአባቱን ምሽግ የሰበረው ጦር መኮንን ሊያደርገው ነበር። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ የልጅ ልጃቸውን ናፍቀው ደብዳቤ ጽፈዋል፤ እሱ ግን አገሩን እንደገና አላየም።

በጆርጅ ማርቲን «ጌም ኦፍ ትሮንስ» (1996 እ.ኤ.አ.) ቲዮን የሚባል ልጅ አለ። አባቱ አምፆ ተሸነፈ፤ ልጁ ተወስዶ በድል አድራጊው ቤት ማዕድ ቀርቦ፣ ከልጆቹ ጋር ፈረስ ጋልቦ ያድጋል። «በአደራ ያለ» ይሉታል፤ መያዣ መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል። ማርቲን ዓለማየሁን አስቦ ጻፈ አልልም፤ አውሮፓም ኢትዮጵያም በዚህ ዓይነት መያዣ የተሞሉ ናቸው። ልዩነቱ ቲዮን ክፉም ቢሆን ወደ ተወለደበት ደሴት መመለሱ ነው።

ሳይመለስ ያደገ መያዣ ልጅ ሲጎለምስ ተጠያቂው ማነው በሚለው የዘመናችን ፍርድ ቤትም ተፈትኗል። ኡጋንዳዊው ዶሚኒክ ኦንግዌን ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በሎርድስ ሬዚስታንስ አርሚ ታፈነ፤ አድጎ የዚያው ታጣቂ አዛዥ ሆነ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. በ61 ክሶች ጥፋተኛ አለው፣ 25 ዓመትም ፈረደበት። በልጅነቱ መታፈኑ ከጥፋቱ ነፃ አላደረገውም፤ ከዕድሜ ልክ እስራት ግን አዳነው። ይህ ፍርድ ለእኔ ሚዛኑ ትክክል ይመስለኛል፤ የእሱ ሰለባዎች ግን እንዲህ ላይሉ ይችላሉ።

ዓለማየሁ እንኳን ሊፈረድበት፣ ሊበድል የሚችልበት ዕድሜ ላይ አልደረሰም። ኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ 18 ዓመቱ ነበር፣ ዛሬ ሕጉ የልጅነት ወሰን ያደረገው ዓመት። በንግሥቲቱ ትእዛዝ ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። በ2007 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አጽሙ እንዲመለስ ጠየቁ። በ2023 ከቤተ መንግሥቱ የመጣው መልስ በአካባቢው ያረፉትን የሌሎችን አጽም ሳይነኩ እሱን ማውጣት አይቻልም የሚል ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ፣ የስፒዲ ቤተሰብ ለትውልዶች አስቀምጦት የኖረው የልዑሉ ጠጉር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተሰጠ። አንድ ቁንጮ ጠጉር ነው።