ዩዝኔት፦ ባለቤት የሌለው መረብ

እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩት ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ፣ ኮምፒውተሮች በስልክ መስመር ጽሑፍ የሚቀባበሉበትን ዘዴ አሰቡ። ዩዝኔት የተባለው ይህ መረብ በ1980 ሥራ ጀመረ። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና መሥራት መጀመሩን በነሐሴ ወር 1991 ለዓለም የተናገረው እዚሁ ነው። ዱክ የራሱን የዩዝኔት ሰርቨር በ2010 ቢዘጋም መረቡ አልተቋረጠም፤ ከመጀመሪያውም በአንድ ማሽን ላይ የቆመ አልነበረምና።

በዩዝኔት ውይይቶች በርዕስ በርዕስ ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱ ርዕስ ኒውስግሩፕ ይባላል። ተሳታፊው ጽሑፉን የሚያስረክበው ለራሱ ሰርቨር ነው። ሰርቨሩም የጽሑፉን መለያ ለጎረቤቶቹ ያሳውቃል፦ ያልደረሰው ይቀበላል፣ የደረሰው ይተወዋል። በተጨማሪ ጽሑፉ ያለፈባቸው ሰርቨሮች ሁሉ ስማቸውን አናቱ ላይ ስለሚጽፉ፣ ወደ መጣበት ተመልሶ አይዞርም። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ ቅጂ ይኖረዋል።

ለመገናኘት የኒውስግሩፕ ፕሮግራም መጫን፣ ከዩዝኔት አገልግሎት አቅራቢ የሰርቨር አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል መቀበል ያስፈልጋል። የተለመደው ፖርት 119 ነው፤ ነገር ግን ልውውጡ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚመሰጠረውን 563ን መምረጥ ይሻላል። ፕሮግራሙ የአንድን ግሩፕ ስም ሲጠራ ሰርቨሩ 211 ብሎ በግምት ስንት ጽሑፍ እንዳለና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁጥር ይነግረዋል። አንድን ጽሑፍ በመለያው ሲጠይቅ ካለ 220፣ ከሌለ 430 የሚል መልስ ያገኛል።

ዩዝኔት የተሠራው ለጽሑፍ ስለሆነ፣ ትልቅ ፋይል የሚላከው ወደ ጽሑፍ መልክ ተለውጦና ተቆራርጦ ነው። ኤንዜድቢ የሚባለው ትንሽ ፋይል የቁርጥራጮቹን መለያዎች በዝርዝር ይይዛል። የማውረጃው ፕሮግራም ይህን ዝርዝር ይዞ በአንድ ጊዜ በብዙ መስመር ያወርዳቸውና መልሶ ይገጣጥማቸዋል። አንዳንዱ ቁራጭ ቢጠፋ እንኳ፣ አብረው የተላኩት የፓር2 መጠገኛ ፋይሎች እስከበቁ ድረስ ፋይሉ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል።

ስለዚህ አቅራቢ ስትመርጡ ከፍጥነቱ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ጽሑፎችን ለስንት ቀን ያቆያል? ፋይል የሚላክባቸውን ግሩፖችስ ይይዛል? ለውይይት ብቻ የሆኑ ሰርቨሮች እነዚህን ግሩፖች አይይዙም። የቅጂ መብት ሕግም እዚህ እንደማንኛውም ቦታ ይሠራል፤ ባለመብቱ ያልፈቀደውን አታውርዱ። ከዋና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳይጠብቅ ሰው ከሰው የሚወያይበት መረብ ዛሬ ብርቅ ነው። ማውረዱን ከተማራችሁ በኋላ ወደ ውይይቱም ግቡ፤ መረቡን በሕይወት የሚያቆዩት የሚጽፉበት ሰዎች ናቸው።