ፖስት ፒል፦ ሰኞን አትጠብቁ

ጀበና ቡና ለምታፈሉ፣ ሰው ቤት ለምትሠሩ፣ ጉሊት ለምትቸረችሩ እህቶች፤ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጤና ጣቢያ መምጣት የቀን ገቢ እንደሚያሳጣ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በአጭሩ፦

1. ፖስት ፒል (ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒን) ያለመከላከያ ግንኙነት ከተፈጸመ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፤ በቶሎ ሲዋጥ የተሻለ ይሠራል። ግንኙነቱ ቅዳሜ ማታ ከሆነ እሁድ ጠዋት ፋርማሲ ሂዱ።

2. የተፈጠረ ጽንስ አያቋርጥም፤ ኤችአይቪንም አይከላከልም። ተገዳችሁ ወይም ኮንዶም ተቀዶባችሁ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ድረሱ፤ ለ28 ቀን የሚወሰድ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት አለ።

3. ፖስት ፒል ለዘወትር አይሆንም። መመላለስ ለሚከብዳችሁ የእርግዝና መከላከያ መርፌው 3 ወር፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው ቢያንስ 3 ዓመት ያገለግላል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ የጋብቻ ወረቀት አይጠየቅም።

ወንድሞች፣ እናንተም ኮንዶም ያዙ።