የመጋዘን ሠራተኛ አንድ ሰዓት ስንት ነው?

የመጋዘን ሠራተኛን ደመወዙን ብትጠይቁት በወር የሚያገኘውን ወዲያው ይነግራችኋል። «በሰዓትስ?» ስትሉት ግን ዝም ይላል። ብዙ ዓመት የደመወዝ ሒሳብ ሠርቻለሁ። እንደዚህች ጥያቄ ችላ የተባለ ነገር አላየሁም። ትርፍ ሰዓት፣ የእሑድ ሥራ፣ የበዓል ሥራ፣ ለማርፈድ የሚቆረጠው ገንዘብ ሁሉ የሚሰላው ከእሷ ተነስቶ ነው። እሷ ከተበላሸች ከሥሯ ያለው ሁሉ ይበላሻል።

ስለማን እንደምናወራ በመጀመሪያ እንለይ። መጋዘን ውስጥ ቁልፍ የያዘው ንብረት ጠባቂ አለ፣ ቢን ካርድ የሚሞላው ጸሐፊ አለ፣ የፎርክሊፍት ኦፕሬተር አለ፣ ቆጣሪ አለ፣ ጫኝና አውራጅ አለ። በግል ድርጅት ወይም በመንግሥት ልማት ድርጅት ተቀጥረው ከሆነ የሚዳኛቸው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ውስጥ በመንግሥት ሠራተኝነት የተቀጠረ ሰው ሌላ ሕግ ስላለው እዚህ አልነካውም።

መሠረታዊውን በአጭሩ ልጨርስ። መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ሲሆን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል፤ ወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አላት፤ ለጡረታ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። የወር ደመወዝን የብር ልክ አዋጁ ራሱ አልቆረጠም፤ እሱ በስምምነት የሚወሰን ነው። ከወር ደመወዙ በላይ የሚመጣው ክፍያ ግን የአለቃ ችሮታ አይደለም። ስሌቱ በሕግ ተቀምጧል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ቃሊቲ አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ የፔሮል ሒሳብ እሠራ ነበር። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ የፎርክሊፍት ኦፕሬተር ነበሩ። አንድ ቀን ከደመወዝ በኋላ ጠርዙ የተላጠ የተማሪ ደብተር ይዘው ቢሮዬ ገቡ። በየገጹ ቀኑ፣ የገባው መኪና ታርጋ፣ ሥራው የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል።

«ልጄ፣ የእኔን አንድ ሰዓት ስንት ብለህ ነው የያዝከው?» አሉኝ።

ደመወዛቸውን ለ240 አካፍዬ አሳየኋቸው።

«240 ከየት መጣ?»

«30 ቀን በ8 ሰዓት ነው፣ ጋሼ።»

ደብተራቸውን ዘጉና ትንሽ ዝም አሉ። «እንግዲያው እሑድም መደበኛ ሥራ አለብኝ ማለት ነዋ?»

መልስ አልነበረኝም። ቀመሩን ከእኔ በፊት ከነበረው ሰው ተረክቤ፣ እሱም ከቀዳሚው ተረክቦ፣ ኤክሴሉ እየተቀዳ የመጣ ነበር። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ሠራሁት።

ሕጉ የሚለው በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በዓመት 52 ሳምንት አለ። 48 በ52 ሲባዛ 2,496 ሰዓት ይሆናል። የዓመቱ ደመወዝ በ12 ወር ስለሚከፈል 2,496 ለ12 ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይመጣል። በሌላ መንገድም ብትሄዱ እዚያው ትደርሳላችሁ፤ ከእሑድ ውጭ ያሉትን 26 የሥራ ቀናት በ8 ሰዓት አባዙ፣ 208 ነው። 208 የሚል ቁጥር በአዋጁ ውስጥ ተጽፎ አታገኙም፤ 48 ግን ተጽፏል፣ የቀረው የማባዛትና የማካፈል ሥራ ነው። 240 ግን ያለ ዕረፍት ቀን የሚሠራ ሰው ሒሳብ ነው። ሕጉ በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍ ያለውን ሰው፣ ያረፈበትን ቀን እንደ ሥራ ሰዓት ቆጥሮ የአንድ ሰዓቱን ዋጋ ያሳንስበታል።

ስለ ጳጉሜን ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። «ወራችን 30 ቀን ነው፣ ለ30 ማካፈል ምን ክፋት አለው?» የሚሉኝ የሒሳብ ሠራተኞች ብዙ ናቸው። 240ን በ12 አባዙት፤ 2,880 ሰዓት፣ ማለትም 360 ቀን ይመጣል። እሑዶቹን ሁሉ ሥራ አድርጎ ቆጥሯል፣ ጳጉሜንን ደግሞ ከነጭራሹ ጥሏታል። በ208 ግን የጳጉሜን ቀናት በ52ቱ ሳምንታት ውስጥ አብረው ተቆጥረዋል። የወር ደመወዝተኛ ለጳጉሜን ለብቻ ደመወዝ የማይቀበለውም የዓመት ሥራው በ12 ተከፍሎ ስለሚከፈለው ነው። በጳጉሜን የተሠራ ትርፍ ሰዓት ግን ሌላ ነገር ነው። ለጳጉሜን ፔሮል ስለማይወጣ ከነሐሴና ከመስከረም መሀል ወድቆ ሲቀር አይቻለሁ። በመስከረም ፔሮል ላይ ለብቻው ገብቶ መከፈል አለበት።

ልዩነቱ ስንት ነው? ደመወዙ 6,240 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። ለ208 ሲካፈል አንድ ሰዓቱ 30 ብር ነው፤ ለ240 ሲካፈል 26 ብር። አራት ብር ትንሽ ትመስላለች። ይህ ሰው በወሩ ውስጥ ቀን 20 ሰዓት፣ ሌሊት 8 ሰዓት፣ በሁለት እሑዶች ደግሞ አራት አራት ሰዓት ትርፍ ሠራ እንበል። በትክክለኛው ስሌት ለቀኑ 900፣ ለሌሊቱ 420፣ ለእሑዱ 480፣ በድምሩ 1,800 ብር ያገኛል። በ240 ስሌት 1,560 ነው። 240 ብር ከወር ወር፣ 2,880 ብር በዓመት፣ ማንም ክፉ ሳያስብ ከአንድ ሰው ኪስ ይወጣል። ሥራው በሳምንት 44 ሰዓት በሆነበት ድርጅት ማካፈያው ወደ 190.67፣ በ40 ሰዓት ወደ 173.33 ይወርዳል፤ የሰዓቱ ዋጋም በዚያው ልክ ያድጋል።

የሒሳብ ሰዎችን በግልጽ ልውቀስ። ሠራተኛው ሲያረፍድ በ208፣ ሲያመሽ በ240 የሚያሰላ ፔሮል በእጄ ገብቶ ያውቃል። ስትቆርጡም ስትከፍሉም ማካፈያው አንድ ይሁን። በ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377 የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.25፣ የሌሊቱ በ1.5 ይባዛ ነበር፤ አዋጅ 1156 ወደ 1.5 እና 1.75 ከፍ አድርጎታል። ቀመሩን ያላደሰ ኤክሴል ዛሬም በ1.25 ያባዛል። ከፍታችሁ እዩት።

የሌሊቱን ሰዓት ደግሞ ሠራተኞች ራሳቸው ያበላሹታል። ሕጉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለውን ትርፍ ሥራ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ያለውን በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን የሚሠራውን በ2፣ በሕዝብ በዓል የሚሠራውን በ2.5 ያባዛል። ከጅቡቲ የመጣ ተሳቢ ዓርብ ምሽት 2 ሰዓት ላይ መጋዘን ደጃፍ ቆሞ ማራገፉ እኩለ ሌሊት ላይ አለቀ እንበል። አራት ሰዓት ተሠርቷል፤ ሁለቱ በ1.5፣ ሁለቱ በ1.75 ነው። ባለ 30 ብሩ ሠራተኛ 90 እና 105፣ ማለትም 195 ብር ይገባዋል። መቆጣጠሪያው ላይ «አርብ፣ 4 ሰዓት ኦቨርታይም» ብቻ ከተጻፈ ግን የሒሳብ ክፍሉ ሁሉንም በ1.5 አድርጎ 180 ይጽፋል፤ ከጽሑፉ ሌላ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የጋሼን ደብተር የምወደው ለዚህ ነው። መነሻና መድረሻ ሰዓት የሌለው መዝገብ ግማሽ መዝገብ ነው። ትርፍ ሰዓት ራሱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ በየምሽቱ «መኪና አለ» ተብሎ የሚቀር ሠራተኛ ይህን ገደብ ማወቅ አለበት።

«ኃላፊ» የምትለው ቃል ላይም የቆየ ስሕተት አለ። ንብረት ጠባቂውን «የመጋዘን ኃላፊ» ይሉትና ኃላፊ ትርፍ ሰዓት አይከፈለውም ይሉታል። አዋጁ ከሽፋኑ ያወጣው የሥራ መሪን ነው፤ የሥራ መሪ የሚባለው የድርጅቱን የሥራ አመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። ቁልፍ መያዝና ወጪ ደረሰኝ ላይ መፈረም ሰውን የሥራ መሪ አያደርገውም። የሚታየው የሚሠራው ሥራ እንጂ በሩ ላይ የተለጠፈው ማዕረግ አይደለም።

ያው ንብረት ጠባቂ ቆጠራ ሲደርስ ሌላ ፈተና አለበት። ሁለት ካርቶን ጎደለ፣ ከደመወዝህ ይቆረጥ ይባላል። ደመወዝ የሚቆረጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያኔም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም፤ ከ6,240 ብር 2,080 መሆኑ ነው። «ጉድለቱን አምኛለሁ» የሚል ወረቀት ሲቀርብላችሁ የቆጠራውን ሉህ ሳታዩ አትፈርሙ። በደከማችሁበት ሰዓት፣ መኪና ደጅ ቆሞ፣ «ቶሎ ፈርም» እየተባላችሁ ደግሞ ፈጽሞ አትፈርሙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕጉ ደመወዝ ሲል አበልን፣ ጉርሻንና ትርፍ ሰዓትን አይጨምርም። መነሻ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ በትራንስፖርትና በቤት አበል የሚሞላ ቅጥር ሲቀርብላችሁ፣ ድምሩ ደስ ቢልም የሰዓታችሁ ዋጋ ከትንሹ ቁጥር ነው የሚሰላው፤ ጡረታችሁም እንዲሁ። ለመጋዘን ሰው፣ በትርፍ ሰዓት ብዙ ለሚኖር፣ ይህ ጉዳት ከሌላው ሠራተኛ ይበልጥበታል። ሲቀጠሩ መጠየቅ ያለበት «በእጄ ስንት ይገባል» ብቻ አይደለም፣ «መነሻው ስንት ነው» ጭምር ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፍሬ ነገሩን የያዘ፣ የፈረመበት ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ሳታገኙ አትለፉ።

የዓመት ዕረፍትን በገንዘብ ቀይሮ መሥራት፣ ውሉ ሲቋረጥ ካልሆነ በቀር፣ ክልክል ነው። ጀርባው ኩንታል ሲሸከም የከረመ ሰው ዕረፍቱን ሲሸጥ ማየት ያሳዝነኛል።

ጋሼን በማግሥቱ ቢሮ ጠርቼ 208 ብዬ የሠራሁትን አሳየኋቸው። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተነጋግረን ቀመሩ ለሁሉም ተስተካከለ። ያለፈውን ለመክፈል ግን ያለን መረጃ የሳቸው ደብተር ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ሰዓታቸውን አልጻፉም። ለሳቸው ተከፈለ፣ ለሌሎቹ አልተከፈለም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የመጋዘን ሰዎች፣ የደመወዛችሁን ወረቀት አውጥታችሁ የትርፍ ሰዓት ስሌቱን ለ208 ካካፈላችሁት ጋር አስተያዩ። ልዩነት ካለ መጀመሪያ የሒሳብ ክፍሉን በጽሑፍ ጠይቁ፣ የጠየቃችሁበትንም ቅጂ ያዙ። ካልሆነ የሥራ ክርክር ችሎት አለ፤ ሠራተኛ ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ብቻ አትዘግዩ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ፣ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።