የሬጂስትሪ ማጽጃዎች በእርግጥ ምን ያጸዳሉ?

የዊንዶውስን ሬጂስትሪ «እናጸዳለን»፣ «እንጠግናለን» የሚሉ ፕሮግራሞች ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ገበያ አጥተው አያውቁም። አቀራረባቸው እምብዛም አይለያይም፤ ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃዎች ከፈተሸ በኋላ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ «ስህተቶች» ማግኘቱን በቀይ ቀለም ያስታውቃል፤ ስህተቶቹ ከተወገዱ ደግሞ ኮምፒውተሩ እንደሚፈጥንና መንቀራፈፉ እንደሚቀር ቃል ይገባል። ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚታመን ለመመዘን ሬጂስትሪ ምን እንደሆነና ኮምፒውተሩ በምን መንገድ እንደሚያነበው መረዳት ይቀድማል።

ሬጂስትሪ የዊንዶውስ ስርዓተ ክወናም ሆነ በላዩ ላይ የተጫኑት ፕሮግራሞች ቅንብሮቻቸውን፣ ማለትም እንዴት መሥራት እንዳለባቸው የሚወስኑ መረጃዎቻቸውን፣ የሚያስቀምጡበት የጋራ የመረጃ ቋት ነው። በ1992 ከዊንዶውስ 3.1 ጋር ሲወጣ ሥራው ውስን ነበር፤ በዋነኛነት የትኛው ዓይነት ፋይል በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፈት ይመዘግብ ነበር። በዚያ ዘመን ሌሎቹ ቅንብሮች በየቦታው በተበታተኑ አነስተኛ የጽሑፍ ፋይሎች ውስጥ ይቀመጡ ስለነበር ዊንዶውስ 95 እነዚህን አብዛኞቹን ወደ ሬጂስትሪ ሰበሰባቸው። አወቃቀሩ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣ ነው፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ቁልፍ ይባላል፣ በቁልፉ ሥር የሚገኙት መረጃዎች ደግሞ ዋጋዎች ይባላሉ፣ ሁሉም በዲስኩ ላይ በጥቂት ትልልቅ ፋይሎች ተከፋፍለው ይቀመጣሉ።

አንድ ፕሮግራም ሲጫን በዚህ ቋት ውስጥ ብዙ ግቤቶችን ይፈጥራል፣ ሲወገድ ግን ሁሉንም ጠርጎ አይሄድም፤ ማጽጃዎቹ «ስህተት» የሚሏቸው በአብዛኛው እነዚህን ትርፍራፊዎች ነው። ትርፍራፊ መኖሩ እውነት ነው፣ የማጽጃዎቹ ማስታወቂያም ተአማኒነቱን የሚያገኘው ከዚህ እውነት ነው። ሆኖም ትርፍራፊ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ትርፍራፊው ኮምፒውተርን ማዘግየቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ዊንዶውስ አንድን ቅንብር ሲፈልግ ሬጂስትሪውን ከዳር እስከ ዳር አያነብም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የአንድን ባለጉዳይ ፋይል በቁጥሩ ተመርቶ ከመደርደሪያው እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ስርዓቱም የቁልፉን ስም ተከትሎ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ በመውረድ በቀጥታ የሚፈልገው ቦታ ይደርሳል፤ በሌላ ቅርንጫፍ ላይ የተረሱ ግቤቶች በመንገዱ ላይ አይቆሙም። በቦታ ረገድም ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ማጽጃው 1000 ግቤቶችን ቢያጠፋና እያንዳንዳቸው በአማካይ 200 ባይት ይይዛሉ ተብሎ ቢገመት፣ የሚወገደው በድምሩ 200 ኪሎባይት ገደማ ሲሆን ይህም 8 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ከማስታወሻው 0.0024 በመቶ ብቻ ነው፣ አንዲት መካከለኛ ፎቶግራፍም ከዚህ የበለጠ ቦታ ትወስዳለች። በዚያ ላይ አንድ ግቤት ሲጠፋ የያዘው ቦታ «ነጻ» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል እንጂ ፋይሉ ወዲያውኑ አይቀንስም።

ማጽዳት ኮምፒውተርን ያፈጥናል የሚለው እምነት ያለምክንያት አልተወለደም። በዊንዶውስ ኤንቲና በዊንዶውስ 2000 ሬጂስትሪው ውስን በሆነ የማስታወሻ ክፍል ውስጥ ይጫን ስለነበር መጠኑ ላይ ገደብ ተጥሎ ነበር፤ የሬጂስትሪ መተለቅ በዚያን ጊዜ እውነተኛ ችግር ሊሆን ይችል ነበር። ዊንዶውስ 98 ደግሞ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ሬጂስትሪውን የሚመረምርና በቀን አንድ ጊዜ መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጥ የራሱ መሣሪያ ነበረው። ማይክሮሶፍት ራሱም ሬግክሊን የተባለ ማጽጃ ለተጠቃሚዎች አቅርቦ የነበረ ሲሆን ኋላ ላይ ከስርጭት አውጥቶታል። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ሬጂስትሪውን በማስታወሻ ውስጥ የሚያስተዳድርበትን ዘዴ ስለቀየረ የቀድሞው ገደብ ቀረ፤ ማጽጃዎቹ ግን ምክንያታቸው ካለፈ በኋላም መሸጣቸውን ቀጠሉ። የዊንዶውስን ውስጣዊ አሠራር በጥልቀት በማጥናት የሚታወቀው ማርክ ሩሲኖቪች በ2005 በጉዳዩ ላይ ሲጽፍ፣ ትርፍራፊ የዊንዶውስ የዘወትር ባሕርይ መሆኑን አምኖ በፍጥነት ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ግን እዚህ ግባ የማይባል መሆኑን አስረድቷል። ማይክሮሶፍትም ዛሬ የሬጂስትሪ ማጽጃዎችን መጠቀም እንደማይደግፍ፣ እነርሱ የሚያስከትሉት ችግር እንደሚፈታም ዋስትና እንደማይሰጥ በድጋፍ መመሪያው አስፍሯል።

ጥቅሙ ኢምንት ቢሆንም ጉዳት እስካላመጣ ድረስ ምን አለበት ሊባል ይችላል፤ ክርክሩ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ማጽጃው አንድ ግቤት አስፈላጊ መሆን አለመሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ይገምታል እንጂ። የተለመደው ግምት ግቤቱ የሚጠቁመውን ፋይል ፈልጎ ካጣ ግቤቱን «የሞተ» ብሎ መፈረጅ ነው፤ ነገር ግን ፋይሉ ለጊዜው በተነቀለ ውጫዊ ዲስክ ወይም ባልተገናኘ የኔትወርክ ፎልደር ውስጥ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የረቀቀ ወጥመድም አለ፤ ለ32 ቢት የተጻፈ ማጽጃ በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሲሠራ፣ ሲስተም32 በተባለው ፎልደር ውስጥ አንድን ፋይል ሲፈልግ ስርዓቱ ሳያሳውቀው ሲስዋው64 ወደተባለ ሌላ ፎልደር ይመራዋል፣ በዚህም ምክንያት ማጽጃው ይህን ካላገናዘበ በቦታው ያለውን ፋይል «የለም» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። የፕሮግራሞች የመጫኛ መረጃ የተመዘገበባቸው ቁልፎች በስህተት ከጠፉ ደግሞ ፕሮግራሙ ይሠራ ይሆናል፣ ማሻሻል ወይም ማስወገድ ግን አይቻልም፤ ማይክሮሶፍት እንዲህ ያሉ የተበላሹ ቁልፎችን የሚጠግን የተለየ መሣሪያ ማዘጋጀቱ ችግሩ የተለመደ መሆኑን ያሳያል። ጉዳቱ ከሳምንታት በኋላ ሲገለጥ ደግሞ ባለቤቱ ምክንያቱን ከማጽጃው ጋር አያያይዘውም።

የንግዱ ጎን ከቴክኒኩ ያልተናነሰ ያሳስባል። የአሜሪካ ፌዴራላዊ የንግድ ኮሚሽን በ2019 ኦፊስ ዲፖ የተባለውን የመደብር ሰንሰለትና ሰፖርት ዶት ኮም የተባለውን ድርጅት በድምሩ 35 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ አድርጓል፤ ክሱ እንደሚለው ነጻ የተባለው የኮምፒውተር ምርመራ ባለቤቱ በመጀመሪያ ለሚቀርቡለት ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ ብቻ ተመርቶ ጎጂ ፕሮግራም መገኘቱን ወይም ምልክቱ መታየቱን ያውጅ ነበር። በ2024 ደግሞ ሬስቶሮና ሪኢሜጅ የተባሉት የኮምፒውተር «ጥገና» ሻጮች በሐሰት ማስጠንቀቂያ ሸማቾችን አስፈራርተዋል ተብለው በመከሰሳቸው 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ስሙ የተከበረ መሣሪያም ቢሆን ከአደጋ አያመልጥም፤ በዓለም ላይ በስፋት ከተሠራጩት ማጽጃዎች አንዱ የሆነው ሲክሊነር በ2017 ሰርጎ ገቦች በአምራቹ ሥርዓት ውስጥ ገብተው ጎጂ ኮድ ስለጨመሩበት፣ የተበከለው እትም ከ2 ሚሊዮን በሚበልጡ ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ተገኝቷል። የተበከለው በአምራቹ በራሱ በኩል የተሠራጨው ፕሮግራም እንደነበር ሲታሰብ፣ «ክራክ» ተደርጎ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር ማጽጃ ምን ይዞ ሊመጣ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ኮምፒውተርን በእርግጥ የሚያዘገዩት ነገሮች ሌላ ቦታ ናቸው። ከሁሉ የሚብሰው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው፤ አንድን መረጃ ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ያህል ሲፈጅ፣ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይህንኑ በአንድ መቶኛው ጊዜ ያከናውነዋል፤ ስለዚህ ለማጽጃ ፈቃድ በየዓመቱ የሚወጣ ገንዘብ ተጠራቅሞ ኤስኤስዲ ቢገዛበት በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ለውጡ ወዲያው ይታያል። የራም ማነስ፣ ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች መብዛት፣ ጎጂ ፕሮግራሞችና በአቧራ በታፈነ ማራገቢያ የተነሳ የሚፈጠር ሙቀት ቀጥሎ ይመጣሉ። አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ታስክ ማናጀር ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ምንም ክፍያ አይጠይቅም፤ የተበላሹ የስርዓት ፋይሎችንም ዊንዶውስ ይዟቸው በሚመጣቸው ኤስኤፍሲና ዲአይኤስኤም በተባሉት ትእዛዞች መጠገን ይቻላል።

ሬጂስትሪ ፈጽሞ አይነካም ማለት ግን አይደለም። በከፊል የተወገደ ጸረ ቫይረስ አዲሱን አላስጭን ሲል ወይም ጎጂ ፕሮግራም የተወው ግቤት ሲገኝ የተወሰነ ቁልፍ ማጥፋት ተገቢ ይሆናል፤ ይህ ግን የታወቀ ችግርን በታወቀ ቦታ መፍታት እንጂ በጅምላ መጥረግ አይደለም፣ ለጸረ ቫይረሶቹም ብዙ አምራቾች የራሳቸውን ማስወገጃ ያቀርባሉ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ቁልፉን ወደ ፋይል ኤክስፖርት ማድረግና የስርዓት መመለሻ ነጥብ መፍጠር ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ዊንዶውስ ሬጂስትሪውን በራሱ እየገለበጠ የሚያስቀምጥበትን የቀድሞ ልማድ ከዊንዶውስ 10 እትም 1803 ጀምሮ የዲስክ ቦታ ለመቆጠብ ሲል አቋርጦታል።