የትንሽ ጀልባ ሞተር ፕሮፔለር፦ አመራረጡና አፈታተሹ

የጀልባ ሞተር ፕሮፔለር የሚለየው በሁለት ቁጥሮች ነው። 9¼ × 9 ተብሎ ከተጻፈ የመጀመሪያው የክንፎቹ ጫፍ የሚሠራው ክብ ስፋት በኢንች ነው፤ ሁለተኛው ፒች ይባላል። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ ብሎን በዳዶ ውስጥ እንደሚሄደው ሳይንሸራተት ቢዞር በአንድ ዙር ወደፊት የሚጓዘው ርቀት ነው። ውሃ ስለሚሸሽ ግን ከዚህ ርቀት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 30 በመቶው ይባክናል። በትንንሽ ሞተሮች ስፋቱ ብዙ የሚቀያየር ስላልሆነ ምርጫው በዋናነት የፒች ምርጫ ነው።

ትክክለኛው ፒች የሚታወቀው በሙከራ ነው። ጀልባው የዘወትር ጭነቱን ይዞ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ተሰጥቶት ሲሄድ የሞተሩ ዙር ይለካል፤ ውጤቱም የሞተሩ መመሪያ ካስቀመጠው ወሰን ጋር ይነጻጸራል። ዙሩ ከወሰኑ ካነሰ ፒቹ በዝቷል፤ ሞተሩ እየተጨናነቀ ይሞቃል፣ ጥላሸትም ይይዛል። ከወሰኑ ካለፈ ፒቹ አንሷል። አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ዙሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል።

በኢትዮጵያ ሐይቆች ላይ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ከፍታ ነው። አየር እየሳሳ ሲሄድ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ከሚኤሶ ቆላ ተነስቶ ሽቅብ ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የሚወጣ አሽከርካሪ ይህን በሞተሩ ድካም ያውቀዋል። ጭሮም ጣናም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናቸው፤ በዚህ ከፍታ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር የሚሰጠው 12 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ አገር ተስማምቶ የመጣ ፕሮፔለር ለጣና ከ1 እስከ 2 ኢንች ያነሰ ፒች ባለው ቢለወጥ ይሻላል። የጠፋው ጉልበት አይመለስም፤ ሞተሩ ግን ሳይጨናነቅ ዙሩን ያገኛል። ያው ጀልባ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ጫሞ ቢወሰድ ሙከራው እንደገና መደረግ አለበት።

ፍተሻ የሚጀመረው የካንዴላውን ገመድ በመንቀል ነው፤ ይህ ሳይደረግ ክንፍ በእጅ አይነካም። ጫፉ የተሸራረፈ ወይም የተጣመመ ክንፍ ሞተሩን ያንቀጠቅጣል። ትንሽ ሽርፍ በሞረድ ይስተካከላል፤ ከክንፉ ሥር የወጣ ስንጥቅ ግን ፕሮፔለሩን ያስጥላል። በመሃሉ ያለው ጎማ መንሸራተቱን ለማወቅ በውስጠኛውና በውጪው ክፍል ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል፤ ከጉዞ በኋላ መስመሩ ከተለያየ ጎማው ለቅቋል። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው የማይፈጥነው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ጣና ላይ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለዓሣ ማስገር አብረው የተስፋፉት በ1986 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ወዲህ ነው፤ መረቡም የፕሮፔለር ጠላት ሆኗል። ከፕሮፔለሩ ጀርባ የተጠመጠመ ክር የዘይት ማገጃውን ጎማ ይቆርጣል፤ ውሃ ይገባና የማርሹ ዘይት እንደ ወተት ይነጣል። ስለዚህ ፕሮፔለሩ በየጊዜው ወልቆ ክሩ ይጽዳ፣ ዘንጉም ግራሶ ይቀባ። ከዳርቻ የሚርቅ ጀልባም መለዋወጫ ፕሮፔለር፣ ፒንና የዳዶ መፍቻ ሳይዝ አይውጣ።