የስስ ብረት ቢሞች የእሳት መከላከያ በዲዛይን ወቅት ሊታሰብ ይገባል

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና የማምረቻ ሼዶች በብዛት ይገኛሉ። በእንዲህ ዓይነት ግንባታዎች ጣሪያ ለመሸከም ከሚያገለግሉት መካከል ላሜራ ሳይሞቅ በማሽን እየታጠፈ የሚሠራው ስስ ቢም አንዱ ነው። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ክብደቱ ቀላል፣ ገጠማውም ፈጣን ነው። ይኸው ስስነቱ ግን በእሳት አደጋ ወቅት ደካማ ጎኑ ይሆናል።

ብረት ባይነድም በሙቀት ጉልበቱን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአውሮፓ የብረት ግንባታ የእሳት ዲዛይን ኮድ እንደሚያመለክተው፣ ወፍራም የግንባታ ብረት በ400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ጥንካሬው እንዳልቀነሰ ተደርጎ ሲሰላ፣ ለስስ ብረት የሚያዘው 65 በመቶ ብቻ ነው። በ600 ዲግሪ ደግሞ ለወፍራሙ 47፣ ለስሱ 30 በመቶ ይያዛል። ለዚህ ልዩነት ምክንያቱ የስሱ ብረት ገጽ አስቀድሞ የሚጨማደድ መሆኑ ነው። ስለሆነም ኮዱ የተለየ የእሳት ስሌት ላልተሠራለት ስስ ብረት የሙቀቱን ወሰን 350 ዲግሪ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ዲዛይን ስታንዳርዶችም መሠረታቸው የአውሮፓ ኮዶች ናቸው።

ለዲዛይን በሚያገለግለው መደበኛ የእሳት መለኪያ መሠረት የክፍሉ ሙቀት በ5 ደቂቃ 576፣ በ30 ደቂቃ 842 ዲግሪ ይደርሳል። መከላከያ የሌለው ስስ ቢም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከወሰኑ ያልፋል። በተጨማሪም 6 ሜትር ርዝመት ያለው ቢም 350 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 27 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። መላወሻ ካልተተወለት ራሱን ያጎብጣል፤ የተያያዘበትንም ግድግዳ ይገፋል።

ከመፍትሔዎቹ አንዱ ቢሙን በጂፕሰም ቦርድ መሸፈን ነው። ጂፕሰም ከክብደቱ 20 በመቶ ያህል ውሃ በውስጡ የያዘ በመሆኑ፣ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ከቦርዱ በስተጀርባ ያለው ሙቀት ከ100 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ሆኖም የቦርዱ መገጣጠሚያ ክፍት ከሆነ ወይም ለኤሌክትሪክ መስመር የተበሳው ቀዳዳ ካልተደፈነ መከላከያው ዋጋ ያጣል። የድንጋይ ሱፍና በሙቀት የሚያብጥ ቀለምም በአማራጭነት ያገለግላሉ።

የደቂቃዎች ዋጋ በከተማዋ በተግባር ታይቷል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ በደረሰው ቃጠሎ፣ የአካባቢው መጨናነቅ የእሳት አደጋ ተሽከርካሪዎችን ሥራ እንዳስቸገረ ተገልጿል። ሕንፃው ጸንቶ የሚቆይበት ጊዜ ሰዎች የሚወጡበትና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ያለ ስጋት የሚገቡበት ጊዜ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፕላን መርምሮ ፈቃድ የመስጠትን ኃላፊነት ለሕንፃ ሹም ሰጥቶ ነበር። ፕላን የሚመረምር ባለሙያ ስስ ብረት ሲቀርብለት ሦስት ጥያቄዎችን ሊያነሳ ይገባል፦ ቢሙ እሳትን ለስንት ደቂቃ እንዲቋቋም ታስቧል? ስሌቱ የተሠራው በየትኛው የሙቀት ወሰን ነው? መከላከያውስ በዝርዝር ሥዕሉ ላይ ተመልክቷል? ምላሹ በወረቀት ላይ ካልሰፈረ በግንባታው ላይ ሊገኝ አይችልም።