የዓድዋ የእግር ጉዞና የሰንበቴ ጎዳና

ያለፈውን ዘመን ድርጊት በአካል ደግሞ መፈጸም፣ ታሪክ በቃል ከሚተረክበት ሁኔታ ይልቅ በተማሪው አእምሮ ጠልቆ ሊቀረጽ ይችላል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ጥቂት ተጓዦች በ2006 ዓ. ም. የጀመሩት «ጉዞ ዓድዋ» ነው። የጉዞው ዓላማ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በእግር በማቋረጥ የካቲት 23 ቀን ለሚከበረው የድል በዓል ዓድዋ መድረስ ነበር።

ጉዞው የሚያስታውሰው ዘመቻ አስቀድሞ በጽሑፍ ከቀረበ ተቃውሞ የመነጨ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፣ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣልያ በኩል መጠቀም እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1883 ዓ. ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ተቃውሟቸውን ጻፉ፤ በ1885 ዓ. ም. ውሉን አፈረሱ፤ በ1888 ዓ. ም. መስከረም ላይ የክተት አዋጅ አስነገሩ።

የተጓዦቹ መሥመር በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት፣ በሰንበቴ፣ በከሚሴና በደሴ አድርጎ፣ ውሉ በተፈረመበት በውጫሌ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ነው። ሰንበቴ የኦሮሞ፣ የአማራ፣ የአርጎባና የአፋር ሕዝብ በእሑድ ገበያዋ የሚገናኝባት ከተማ ናት። ይሁን እንጂ የ1888ቱ ሠራዊት መክተቻ ከዚህ ቆላ በስተ ምዕራብ በደጋው የምትገኘው ወረኢሉ ነበረች። የጣርማ በርን ዋሻ ጨምሮ የዛሬው አውራ ጎዳና በአመዛኙ የተሠራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. በቆየው የፋሽስት ወረራ ዘመን ነው። ስለዚህ ተጓዡ ድል የተደረገውን ወራሪ የሚያስታውሰው፣ ያው ወራሪ ከ40 ዓመት በኋላ ተመልሶ በዘረጋው መንገድ ላይ እየሄደ ነው።

ይህ ልዩነት ካልተገለጸ፣ የሰንበቴ ተማሪ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በደጁ እንዳለፈ አድርጎ ሊረዳ፣ መታሰቢያውንም ከማስረጃው ጋር ሊያደባልቅ ይችላል። በአንጻሩ በራስ ሚካኤል መሪነት የዘመተው የወሎ ኦሮሞ ፈረሰኛ በዓድዋ የፈጸመው ተጋድሎ ለአካባቢው ልጆች ሊነገር የሚገባው እውነተኛ ታሪክ ነው። ስለሆነም መምህሩ ተጓዦቹን ለማየት ተማሪዎቹን ወደ ጎዳናው ከማውጣቱ በፊት ሁለቱን መንገዶች በካርታ ላይ ጎን ለጎን ቢያሳይ፣ ተማሪው ለበዓሉ ያለው አክብሮት ሳይጓደል፣ መታሰቢያ ከታሪክ የሚለይበትን መሥመር ለመረዳት ይበቃል።